ቀዳዳው የት ይበሳ?

የሰሞኑ ጥያቄዎች አንድ ዕቃ ላይ ተረባርበዋል፦ ጭስ ማውጫው ላይ በሚበሳ ቀዳዳ ገብቶ የአየርንና የቤንዚንን ድርሻ በቁጥር የሚያሳየው ዋይድባንድ የኦክስጅን ሴንሰር። መልሶቼ ለቤንዚን መኪና ናቸው።

ከአዘዞ፦ በያጁ የኮሮላዬን ጭስ ማውጫ ከሞተሩ አጠገብ፣ ከአራቱ ቱቦዎች አንዱን እንብሳ ይላል። ልፍቀድለት?

አይፍቀዱለት። እዚያ የሚለካው የአንድ ሲሊንደር ጭስ ብቻ ነው፤ የሦስቱን ጉዳይ አያውቅም። ሙቀቱም ይበረታበታል። አራቱ ቱቦዎች አንድ ከሆኑ በኋላ፣ ጭሱን ከሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር በፊት ይብሱት፤ ከሞተሩ ከ60 እስከ 100 ሴንቲሜትር ያለው ቦታ ይመረጣል። ወደ ማርሚታው ጫፍ መጠጋትም አይበጅም፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የውጭ አየር ወደ ውስጥ እየተመለሰ ቤንዚን ያነሰ ያስመስላል። ሲበየድ ሴንሰሩ ከቦታው ይውጣ፣ ባትሪውም ይነቀል።

ከማራኪ፦ ለሥራ ስለሚቀል ከቱቦው ሆድ ሥር ቢበየድስ?

ይህን ስህተት ከኪሴ ከፍዬ ተምሬዋለሁ። በብርድ ጠዋት ሞተር አስነሥተው ከጭስ ማውጫው ጫፍ ሥር መዳፍዎን ይዘርጉ፤ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ይቀበላሉ። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ ቱቦው እስኪግል ድረስ ሆዱ ላይ ይተኛል። የሴንሰሩ ሴራሚክ ደግሞ በውስጡ ባለው ማሞቂያ 780 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ምን እንደሚሆን እንጀራ ጋጋሪ ይጠየቅ። የእኔም ተሰነጠቀ። ቱቦውን እንደ ሰዓት ፊት ያስቡት፤ በእኛም በፈረንጅም ሰዓት 12 ከላይ ነውና አንግባባም ብዬ አልሰጋም። ሴንሰሩ ከ10 እስከ 2 ባለው መካከል፣ ጫፉ ወደ ታች አዘቅዝቆ ይግባ።

ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ላለው መኪናስ?

ከቱርቦው በኋላ። ከፊቱ ያለው ግፊትና ሙቀት ንባቡን ያዛባል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል።

ከፒያሳ፦ ቦታው ትክክል ነው፤ ግን ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ 17 እና 18 ያነባል። ቤንዚን ላስጨምር?

አይቸኩሉ። የቤንዚን ልክ 14.7 አየር ለ1 ቤንዚን ቢሆንም፣ ከዚያ የበለጠ ቁጥርም ቤንዚን አነሰ ማለት ቢሆንም፣ ከሴንሰሩ በፊት ያለች ትንሽ ስንጥቅ ብቻዋን ይህን ታሳያለች። ስንጥቅ ጭስ ታስወጣለች ብቻ ሳይሆን በጭሱ ትርታ መካከል አየር ትስባለች። መጋጠሚያዎቹ ላይ የጥላሸት መስመር ይፈልጉ። ረዳትዎ በወፍራም ጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለአፍታ ጋረድ ሲያደርግ ጆሮዎን ይስጡ፤ የምትተነፍሰው ቦታ ትሰማለች። ይህን ሳያዩ ቤንዚን ካስጨመሩ ካንዴላዎ ይጠቁራል፣ ሰልባትዮዎም ቶሎ ይጎድላል።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ንባቡን ትለውጠዋለች?

14.7 ላይ አትለውጠውም፤ ከዚያ በራቀ መጠን ግን ትንሽ ታዛባለች። የሴንሰሩ መቆጣጠሪያ በንጹሕ አየር መስተካከል የሚችል ዓይነት ከሆነ እዚሁ፣ ሴንሰሩ ከመታሰሩ በፊት፣ ጭስ ከሞላበት ጋራዥ ውጭ ያስተካክሉት።

ጌጁ (ሴንሰሩን የሚያሠራውና ቁጥሩን የሚያሳየው) እስኪመጣልኝ ሴንሰሩን አስሬ ልንዳ?

አይሆንም። ማሞቂያው ሳይሠራ ጭስ ውስጥ የተቀመጠ ሴንሰር ጥላሸት ይጠጣል። ቀዳዳውን ጥርሱ ኤም18 በ1.5 በሆነ ቡሎን ይድፈኑት፤ ሴንሰሩ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ።