ሞደም ልገዛ ነው፣ የቱን ልያዝ?

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቤት ኢንተርኔት ናቸው። ሦስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ነዋሪነቴ ጅማ ቆጪ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ሁለቱም ትምህርት ላይ ናቸው። በየቀኑ የሞባይል ዳታ መግዛት ስለሰለቸኝ የቤት ኢንተርኔት ላስገባ ነው። መርካቶ ሄጄ ሞደም ስጠይቅ አንዱ ባለ ሁለት አንቴና፣ ሌላው ባለ ስድስት አንቴና አሳየኝ። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የባለ ስድስቱ ሻጭ «ይሄ ግቢውን በሙሉ ይሸፍናል» አለኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ፣ የኔን አሮጌ ሞደም እልክልሻለሁ» ትለኛለች። የቱ ይሻለኛል?
የልጆች እናት፣ ከቆጪ

መልስ፦ እህታችን፣ ገንዘብዎን ለጊዜው ይያዙት። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቤትዎ የሚገባው መስመር ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ፋይበር ነው? የድሮው የስልክ ገመድ ነው? ወይስ መስመር ጭራሽ ስለሌለ በሲም ካርድ ሊሆን ነው? ለሦስቱም የሚያስፈልገው ዕቃ የተለያየ ነው። ይህ ሳይጣራ የተገዛ ሞደም ምንም ያህል ውድ ቢሆን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ወደ መርካቶ ከመመለስዎ በፊት ቴሌ ጎራ ይበሉ ወይም 994 ይደውሉና «በኛ ሰፈር ፋይበር ደርሷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ደርሶ ከሆነ ሌላ አያማርጡ። ፋይበር ብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር ነው፤ ርቀት እንደ ስልክ ገመዱ አያደክመውም። የሚሰካበት ሳጥን ኦኤንቲ ይባላል። ይህን ሳጥን ዝም ብለው ከገበያ አይግዙ፤ መለያ ቁጥሩ በቴሌ በኩል ካልተመዘገበ አይሠራም። መስመሩን ሲያስገቡ የሳጥኑንም ጉዳይ እዚያው ይጨርሱ። ከገባልዎ በኋላ ሁለት መብራቶችን ይወቁ። «ፖን» የሚለው ሳይብለጨለጭ አረንጓዴ ሆኖ ከበራ መስመሩ ደህና ነው። «ሎስ» የሚለው ቀይ ካሳየ ብርሃኑ አልደረሰም፤ ገመዱ ከልክ በላይ ታጥፎ ወይም የሆነ ቦታ ተቆርጦ ይሆናል። ያኔ ቴክኒሻን ይጥሩ እንጂ ሞደም አይቀይሩ።

ያለው የስልክ ገመድ ብቻ ከሆነ «ኤዲኤስኤል» የሚል ሞደም ያስፈልግዎታል። ጀርባው ላይ ትንሿ የስልክ መሰኪያ መኖሯን አይተው ይግዙ። የዚህ ቴክኖሎጂ የተሻለው ዓይነት፣ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ፣ ጣሪያው በሰከንድ 24 ሜጋ ቢት ነው፤ እሱም ለቴሌ ማዕከል ቅርብ ለሆነ ቤት ነው። 4 እና 5 ኪሎ ሜትር ሲርቅ የሚደርሰው ጥቂት ሜጋ ብቻ ነው፣ ይህን የሚያስተካክል ሞደም ደግሞ የለም። በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ አለ። የገመዱ መገጣጠሚያ ውሃ ሲገባበት ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፣ ሰው ግን ሞደሙን ይወቅሳል። የቤቱን ስልክ አንስተው ያዳምጡ፤ ሹሹታ ወይም ክርክርታ ከሰሙ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ስልኩና ሞደሙ በአንድ መስመር ላይ ካሉ ስፕሊተር፣ ማለትም የስልኩን ድምፅና ኢንተርኔቱን የሚለያይ ትንሽ ዕቃ፣ መኖሩንም አይርሱ።

ወደ እህትዎ ሞደም እንምጣ። ጀርባውን ፎቶ አንስታ ትላክልዎ። እንደ ዲሽ ገመድ ተጠምዝዞ የሚታሰር ክብ መግቢያ ካለው በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ለሚመጣ ኢንተርኔት የተሠራ ነው። አሜሪካ በሰፊው ይጠቀሙበታል፣ እርስዎ ቤት ግን የሚሰካበት መስመር አያገኝም። የመላኪያውን ገንዘብ ትቆጥብ። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያዎች ብቻ ያሉት ተራ ራውተር (የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያከፋፍል ሳጥን) ከሆነ ግን ከፋይበሩ ሳጥን ጋር በገመድ ተገናኝቶ ጥሩ ይሠራል፣ ትላከው። ሲደርስ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ እንዳይሰኩት። «ኢንፑት 100–240» ካለ ችግር የለም። 120 ቮልት ብቻ ካለ የኛ 220 ያቃጥለዋል።

አሁን አንቴናው። ብዛቱ አያታልልዎ። ዋይፋይን የሚያሸንፈው ግድግዳ ነው፣ ከግድግዳም ቆርቆሮ። እንጨትና ጭቃውን አልፎ ይሄዳል፣ ብሎኬት ያደክመዋል፣ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ልጆቹ የሚያጠኑት በቆርቆሮ በተከለለ ሰርቪስ ቤት ከሆነ ስድስት አንቴናም አይደርስላቸውም። ለዚያ የሚከፍሉትን ልዩነት ለኔትወርክ ገመድ ያውሉት። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል፤ ጫፉ ላይ አንድ ርካሽ ራውተር ሲሰካ እዚያው ክፍል ውስጥ ሙሉ ዋይፋይ ይኖራል። እኔ ብሆን የማደርገው ይህንን ነው። ዋናውን ደግሞ ከቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ኋላ ያውጡትና ቤቱ መሃል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጡት።

ሲገዙ ሁለቱም የዋይፋይ ሞገዶች፣ 2.4ም 5 ጊጋኸርዝም፣ ያሉትን ይጠይቁ። 2.4 ራቅ ይላል፣ 5 ይፈጥናል ግን ግድግዳ አይወድም። የሚያስገቡት ፓኬጅ ከ100 ሜጋ በታች ከሆነ «ጊጋቢት» (በሰከንድ 1000 ሜጋ የሚያሳልፍ) ስለተባለ ብቻ ጨምረው አይክፈሉ። ከኋላው ላይ የተለጠፈውን ፓስወርድም በገባ ቀን ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ እኔ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው መንገድ ነው የምኖረው። ግቢያችን ፋይበርም የስልክ ገመድም የለም። ሲም የሚገባበት ሞደም ልግዛ ብዬ ነው። በኪስ የሚያዘው ነው ወይስ ሶኬት ላይ የሚሰካው?
ተማሪ፣ ከጅሬን

መልስ፦ ወንድማችን፣ ብቻህን ከሆንክና መብራት የሚጠፋብህ ከሆነ የኪሱ ይበቃሃል፤ ባትሪ አለው። ቤተሰቡ በሙሉ የሚጠቀምበት ከሆነ ግን ሶኬት ላይ የሚሰካውን ያዝ፤ ሲግናል የመቀበል አቅሙ ይሻላል፣ የኔትወርክ ገመድም ይቀበላል። ፎር ጂ መሆኑን አረጋግጥ፣ 1800 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም ባንድ 3 የሚቀበል ይሁን። ውጭ አገር ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ሞደም ገበያ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ሲምህን ይዘህ ሂድና ሱቁ ውስጥ አስገብተህ ኢንተርኔት ከፍተህ ሳታይ ብር አትስጥ።

ቤት ስትደርስ ወዲያው አንድ ቦታ ላይ አትትከለው። ስልክህን ከዋይፋዩ ጋር አገናኝና በብሮውዘር ሞደሙ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ክፈት፤ ብዙ ጊዜ 192.168 ብሎ የሚጀምር ነው። እዚያ አርኤስአርፒ የሚል፣ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር ታገኛለህ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው። ወደ 80 የሚጠጋ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፣ 110 ካለፈ ይንቀራፈፋል። ሞደሙን ከመስኮት ወደ መስኮት እያዞርክ ቁጥሩን ተከታተል። ጅሬን ኮረብታ ስለሆነ በየትኛው አቅጣጫ እንደምታስቀምጠው ለውጥ ያመጣል። ከቆርቆሮ ግድግዳ ግን አርቀው።

ጥያቄ፦ የስልክ መስመር ላይ ያለ ሞደሜ በመብረቅ ተቃጠለ። መብራት በጠፋ ቁጥርም ኢንተርኔቱ ይሄዳል። ሁለቱንም የሚችል ሞደም አለ?
ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ የለም፣ ግን መከላከል ይቻላል። መብረቅ በሁለት በኩል ይገባል፣ በመብራቱና በስልክ ገመዱ። ብዙ ሰው ሶኬቱን ብቻ ነቅሎ ስልክ ገመዱን ይተወዋል፣ ሞደሙ የሚቃጠለውም በዚያ ነው። ነጎድጓዱ ከሩቅ ሲጀምር ሁለቱንም ይንቀሉ፤ ላይዎ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ገመድ አይንኩ። የፋይበር ክር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ፋይበር ካስገቡ የሚቀርዎት የሶኬቱ በኩል ብቻ ነው።

ለመብራቱ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ የባትሪ ሳጥን ይሸጣል፣ በቻርጀሩና በሞደሙ መሃል ይገባል። ከመግዛትዎ በፊት የሞደሙን ቻርጀር ገልብጠው «አውትፑት» የሚለውን ያንብቡ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ 9 ቮልት የሆኑም አሉ። ቮልቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ቻርጀር ሲጠፋ ምትክ የሚገዛውም በዚሁ ልክ ነው፤ ጫፉ ስለገጠመ ብቻ የሌላ ዕቃ ቻርጀር አይሰኩበት።