መልስ፦ ሴዛንና የተንጋደደው ጠረጴዛ

«ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሴዛን ጠረጴዛ እንኳ አስተካክሎ አይሥልም፤ ታዲያ ለምን የዘመናዊ ሥዕል አባት ይሉታል?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ልክ ነህ፣ ጠረጴዛው ተንጋዷል። ጉዳዩም ያለው እዚያው ላይ ነው።

የቆየው ልማድ ሠዓሊው አንድ ቦታ ቆሞ፣ በአንድ ዓይን እንደሚያይ አድርጎ መሣል ነበር። ሴዛን ግን አንዱን ዕቃ ከላይ፣ ሌላውን ከጎን አይቶ እዚያው ሸራ ላይ ያገናኛቸዋል። እኛስ ዕቃ ስናይ አንገታችንን እናንቀሳቅስ የለ?

ሴዛን በ1906 ሞተ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። በዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ትልቅ የመታሰቢያ ዐውደ ርዕይ ተዘጋጀለት፤ ወጣቶቹ ሠዓሊዎች ጉድ አሉ። ከነሱ አንዱ ብራክ፣ ሴዛን ይሥልባት ወደነበረችው የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ሌስታክ በ1908 ሄዶ ቤቶቹን እንደተደራረበ ሣጥን ሣላቸው። ኩቢዝም (ዕቃን በጂኦሜትሪ ቅርጾች ከፋፍሎ የሚያሳየው የሥዕል ስልት) የሚለው ስም የመጣው በነዚህ ሥዕሎች ሰበብ ነው።

እኔን ግን ከሁሉም የሚገርመኝ ሌላው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ማቲስ ነው። በ1899፣ ገና ኪሱ ባዶ ሳለ፣ ገላቸውን የሚታጠቡ ሦስት ሴቶች የሚታዩበትን የሴዛን ሥዕል ገዛ። ችግር ሲጠናበትም አልሸጠውም። ከ37 ዓመት በኋላ ለፓሪሱ ፔቲ ፓሌ ሙዚየም በስጦታ ሰጠው።

ስፔናዊው ሠዓሊ ፒካሶማ ባሰበት! ሴዛን ደጋግሞ የሣለው የሳንት ቪክቷር ተራራ ሥር ያለ ትልቅ ግንብ ቤት በ1958 ገዛ። የተቀበረውም እዚያው ግቢ ነው።

አሁን «የፖም ቅርጫት» የሚባለውን ሥዕሉን ኢንተርኔት ላይ ፈልግና የጠረጴዛውን የፊት ጠርዝ በማስመሪያ ተከተለው። ግራና ቀኙ አይገጥምም።