አንዱ ዲስክ ሲሞት ኮምፒውተሩ እንዲነሳ፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ የቤት ኮምፒውተሬ ላይ ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ጭኜ፣ ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ዲስኮችን በሬይድ 1 (አንዱን መረጃ በሁለቱም ላይ በሚጽፈው ዘዴ) አጣምሬያለሁ። ለሙከራ ሁለተኛውን ዲስክ ነቅዬ ሳበራው ተነሳ። መልሼ ሰክቼ የመጀመሪያውን ስነቅል ግን «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» አለኝ። መረጃው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ለምን አልተነሳም?

መልስ፦ ሬይዱ አልተበላሸም። መንታ የሆነው መረጃዎ ነው፤ ማስነሻው ግን አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ቀርቷል። ሁለቱን ዲስኮች እንደ አንድ የሚያያቸው ከርነል የሚባለው የሊኑክስ እምብርት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው ግን ፈርምዌር የሚባለው፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ የሊኑክስን ሬይድ አያውቅም። የሚፈልገው በፋት32 ፎርማት የተደረገ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ለማስነሻ የተለየ የዲስክ ክፍል) እና በውስጡ ያለውን ግረብ የተባለ የማስነሻ ፕሮግራም ነው። የዴቢያን መጫኛ ግረብን የሚያስቀምጠው በአንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ዲስክ ሲነቀል ፈርምዌሩ መነሻ ያጣል።

የመጀመሪያው ዲስክ ኤስዲኤ፣ ሁለተኛው ኤስዲቢ ነው እንበል፤ በሁለቱም ላይ ፓርቲሽን 1 ኢኤፍአይ (512 ሜጋባይት)፣ ፓርቲሽን 2 ደግሞ ሬይድ ይሁን። በመጀመሪያ ግረብ-ኢንስቶልን «ፎርስ-ኤክስትራ-ሪሙቨብል» ከሚለው አማራጭ ጋር ያስኪዱ። ይህ ግረብን «ኢኤፍአይ/ቡት» በሚለው የጋራ ፎልደርም ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ዲስክ ሲነቀል የማስነሻ መዝገባቸውን ይሰርዛሉ፤ ያኔ የሚያድንዎት ይህ ፎልደር ነው። ቀጥሎ የኤስዲቢን ፓርቲሽን 1 በፋት32 ፎርማት ያድርጉ፤ የፓርቲሽኑ ዓይነት ኢኤፍ00 መሆኑንም ጂዲስክ በተባለው የፓርቲሽን መሣሪያ ያረጋግጡ። «ቡት» ውስጥ «ኢኤፍአይ2» የሚል ፎልደር ፈጥረው ፓርቲሽኑን እዚያ ላይ ማውንት ያድርጉት (ያገናኙት)ና «ቡት/ኢኤፍአይ» ውስጥ ያለውን ሁሉ ይቅዱበት። ቅጂው ሳይነካ የሚሠራው፣ በውስጡ ያለችው ትንሽ የግረብ ማዋቀሪያ ፋይል የምትፈልገው የዲስኩን ስም ሳይሆን በሬይዱ ላይ ያለውን የፋይል ሲስተም መለያ፣ ዩዩአይዲውን ስለሆነ ነው። መለያው ደግሞ የትኛውም ዲስክ ቢቀር አይለወጥም። በመጨረሻ የፈርምዌሩን የማስነሻ መዝገብ በሚያስተካክለው በኢኤፍአይ-ቡት-ኤምጂአር አዲስ መግቢያ ይጨምሩ፦ ዲስኩ ኤስዲቢ፣ ፓርቲሽኑ 1፣ ስሙ «ዴቢያን ሁለት»፣ ፋይሉ በዴቢያን ፎልደር ውስጥ ያለው ሺም-ኤክስ64፣ ግረብን የሚያስጀምረው ትንሽ ፕሮግራም።

አሁን ብዙዎች የሚወድቁበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ እሱም ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገናኙት ፓርቲሽኖች የሚዘረዘሩበት፣ ኤፍስታብ የሚባለው ፋይል ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ «ቡት/ኢኤፍአይ» የተመዘገበው በአንዱ ዲስክ ዩዩአይዲ ነው። ያ ዲስክ ከሞተ፣ ግረብም ከርነልም በትክክል ተነስተው፣ አገልግሎቶችን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ የጠፋውን ፓርቲሽን 90 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ሲያጣው ወደ ድንገተኛ ጥገና ሁኔታ ይገባል። ስክሪኑን የሚያይ ሰው ሬይዱ የፈረሰ ይመስለዋል። መፍትሔው ለሁለቱም ኢኤፍአይ ፓርቲሽኖች በየራሳቸው ዩዩአይዲ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጽፎ፣ በአማራጮቹ ውስጥ «ኖፌል» የሚለውን ቃል መጨመር ነው።

ከርነል በተሻሻለ ቁጥር ቅጂውን ማደስ አያስፈልግም፤ ከርነሉ ያለው ሬይዱ ላይ ነው። የግረብ ወይም የሺም ፓኬጅ ሲሻሻል ግን ዴቢያን የሚያድሰው አንዱን ፓርቲሽን ብቻ ስለሆነ መልሰው ይቅዱ። ኡቡንቱ ከ20.04 ጀምሮ የግረብ ፓኬጁ እንደገና ሲዋቀር ብዙ ኢኤፍአይ ፓርቲሽኖችን ያስመርጣል፤ በዚህ ከዴቢያን ይሻላል።

ስለ ሙከራው አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። አንዱን ዲስክ ብቻ አስነስተው፣ ሳያመሳስሉ ደግሞ ሌላውን ብቻ አያስነሱ። ሁለቱም ለየብቻ ከተጻፈባቸው የተለያየ ታሪክ ይይዛሉ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሊኑክስን ሬይድ የሚያስተዳድረው ኤምዲአድም ሊፈርድልዎት አይችልም። እርስዎን ያተረፈዎት ሁለተኛው ዲስክ ብቻውን አለመነሳቱ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። ኮምፒውተሩን አጥፍተው አንዱን ይንቀሉ፣ ያስነሱ፣ ያጥፉ፣ መልሰው ይሰኩ፤ ከዚያ በኤምዲአድም «አድ» ብለው ወደ ሬይዱ ይመልሱት። «ፕሮክ/ኤምዲስታት» የሚለው ፋይል ውስጥ የ«ዩ» ፊደል ሁለት ጊዜ ሲታይ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ በአንዱ ቦታ ሰረዝ ካለ አንዱ ጎድሏል። ሁለት «ዩ» ሳያዩ ሌላኛውን ዲስክ አይንኩ።

ጥያቄ፦ የኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን ራሱን በሬይድ 1 ማጣመር ይቻላል ሲባል ሰማሁ። መቅዳቱን አያስቀርልኝም?

መልስ፦ ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክረውም። የኤምዲአድም የተለመደው ሜታዳታ (ሬይዱ ስለራሱ የሚጽፈው መረጃ) 1.2 ከፓርቲሽኑ መነሻ 4 ኪሎባይት ገባ ብሎ ስለሚቀመጥና መረጃውን ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ፈርምዌሩ ፋት32ን አያገኝም። ሜታዳታ 1.0 ግን መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ እያንዳንዱ ግማሽ ለፈርምዌሩ ተራ ፋት32 ሆኖ ይታየዋል። ችግሩ ፈርምዌሩ ራሱ በአንዱ ግማሽ ላይ የጻፈ እንደሆነ ነው። ሬይዱ ይህን አያውቅም፤ ሁለቱ ሳይመሳሰሉ «ጤነኛ ነኝ» እያለ አንዴ ከአንዱ፣ አንዴ ከሌላው ያነባል። በዓመት ጥቂት ጊዜ መቅዳት ከዚህ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የእኔ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ኢኤፍአይ የለውም።

መልስ፦ ሥራው ይቀልልዎታል። ዲስኮቹ ጂፒቲ በተባለው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ የተከፋፈሉ ከሆነ በሁለቱም ላይ ዓይነቱ ኢኤፍ02 የሆነ 1 ሜጋባይት ፓርቲሽን ይተዉ፤ ፎርማት አይደረግም። ከዚያ ግረብ-ኢንስቶልን አንዴ በኤስዲኤ፣ አንዴ በኤስዲቢ ላይ ያስኪዱ፤ በፓርቲሽኑ ላይ ሳይሆን በሙሉ ዲስኩ ላይ።

ጥያቄ፦ አንዱ ዲስክ ሞቷል፣ አዲስ ገዝቻለሁ። በምን ቅደም ተከተል ልቀይረው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የሞተው የቱ እንደሆነ በሲሪያል ቁጥሩ ይለዩ። ኤስዲኤና ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞች ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ በስም ብቻ ተማምኖ ጤነኛውን የነቀለ ሰው ብዙ ነው። ስማርትሲቲኤል የተባለው የዲስክ መመርመሪያ ትዕዛዝ ሲሪያል ቁጥሩን ያሳይዎታል፤ በዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር ያመሳክሩት። በኤምዲአድም የሞተውን «ፌል» ከዚያ «ሪሙቭ» ብለው ያስወጡት፣ ኮምፒውተሩን ያጥፉና ይቀይሩ።

የፓርቲሽን ሰንጠረዡን ኤስጂዲስክ በተባለው ትዕዛዝ ይቅዱ። እዚህ ላይ እጅዎ ቀስ ይበል፦ ከ«አር» ምልክት ቀጥሎ የሚጻፈው የሚገለበጥበት አዲሱ ዲስክ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ጤነኛው። ቦታቸውን ቢያቀያይሩት የጤነኛውን ሰንጠረዥ በባዶ ይተኩታል። ከዚያ በ«ጂ» ምልክት ለአዲሱ ዲስክ አዲስ መለያ ቁጥሮች ይስጡት፤ አለዚያ ሁለት ዲስኮች አንድ መለያ ይይዛሉ። ፓርቲሽን 2ን በ«አድ» ወደ ሬይዱ ያስገቡ፣ ኢኤፍአይውን ከላይ እንደተገለጸው እንደ አዲስ ያዘጋጁ፣ የኤፍስታቡንም ዩዩአይዲ ይቀይሩ። በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚሠራ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ለመመሳሰል ወደ 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

አዲሱ ዲስክ ከጤነኛው በጥቂት ሜጋባይት ካነሰ «አድ» አይቀበለውም። ሁለቱም «1 ቴራባይት» ተብለው የተሸጡ ዲስኮች ትክክለኛ መጠናቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ፓርቲሽን ሲከፍሉ ከመጨረሻው 100 ሜጋባይት ያህል ባዶ ይተዉ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን መብራት ደጋግሞ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር ሬይዱ ከዜሮ ይመሳሰላል?

መልስ፦ ቢትማፕ የሚባለው መዝገብ ከሌለው አዎ፤ በጽሑፍ መሐል መብራት ከጠፋ ሙሉው ዲስክ እንደገና ይመሳሰላል። ቢትማፕ የትኛው አካባቢ እየተጻፈበት እንደነበር ይመዘግባል፤ ስለዚህ የሚመሳሰለው ያ አካባቢ ብቻ ነው፣ ብዙውን ጊዜም በአጭር ጊዜ ያልቃል። ኤምዲስታት ውስጥ «ቢትማፕ» የሚል መስመር ካላዩ በኤምዲአድም «ግሮው» ትዕዛዝ «ኢንተርናል» ቢትማፕ ይጨምሩ፤ መረጃው አይነካም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) መግዛት ከቻሉ ይግዙ፤ ቢትማፕ በመሐል የተቋረጠን ፋይል አያድንም። ባክአፑንም በሌላ ዲስክ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ፣ ይያዙ፤ በስህተት የሰረዙትን ፋይል ሬይድ 1 ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ነው የሚሰርዘው።