የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የፒንቦሉ ፍላሽ ሲበራ የሚጠፋው መብራት

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ አነስተኛ የመጫወቻ ቤት አለኝ። ከጆተኒው ጎን ባስቀመጥኩት አሮጌ የፒንቦል ማሽን ሥር ሦስት ሜትር የኤልኢዲ መብራት ዘርግቼ፣ ትልቁ የፍላሽ አምፖል ሲበራ አብሮት እንዲበራ ከአምፖሉ ገመድ ጋር በቀጥታ አገናኘሁት። ሁለት ቀን ከሠራ በኋላ ሁለቱም ጠፉ። የተቃጠለውን ትራንዚስተር የለወጠልኝ ባለሙያ በሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሌላ መስመር ማብሪያ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ) እንድጠቀም መከረኝ። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ ገዝቼ አንዱን ጫፍ ከአምፖሉ ገመድ፣ ሌላውን ከማሽኑ ኔጋቲቭ ጋር ባገናኘው፣ ማሽኑ ገና ሲከፈት መብራቱ ይበራል፤ ፍላሹ ሲበራ ደግሞ ይጠፋል። ምን አጥፍቼ ነው?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ ፍላሹ ሲበራ መብራትዎ መጥፋቱን ሳይዘነጉ ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ ስህተቱን ያሳየን እርሱ ነው።

በቤታችን ማብሪያ ማጥፊያው የሚያቋርጠው ወደ አምፖሉ የሚመጣውን መስመር ነው። በትራንዚስተር በሚሠሩት ፒንቦሎች ግን ፖዘቲቩ ዘወትር አምፖሉ ላይ ደርሶ ይጠብቃል፤ የትራንዚስተሩ ሥራ ወደ ኔጋቲቭ የሚወስደውን መንገድ መክፈትና መዝጋት ነው። ስለዚህ ፍላሹ ባልበራበት ጊዜ እርስዎ የመረጡት ገመድ በአምፖሉ ክር በኩል ቮልቱ ስለሚደርሰው ሪሌዩ ይስባል፣ መብራቱም ይበራል፤ ትራንዚስተሩ ያንኑ ገመድ ወደ ኔጋቲቭ ሲያወርደው ደግሞ በሪሌዩ ሁለት ጫፎች መካከል ልዩነት ስለማይቀር ይለቃል።

ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉና የሪሌዩን ቁጥሮች ይመልከቱ። 85 እና 86 የጥቅል ሽቦው ሁለት ጫፎች ናቸው። 85ን አሁን በያዙት ገመድ ላይ ይተዉት፤ 86ን ግን ከኔጋቲቩ አንስተው ወደ አምፖሉ ፖዘቲቭ ይውሰዱት። በሁለቱ መካከል 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ)፣ ነጭ መስመሩ ወደ 86 ዞሮ ይግባ። ይህችን ርካሽ ዕቃ እባክዎ አይዝለሏት፤ የሪሌዩ ጥቅል ሽቦ በለቀቀ ቁጥር የሚወረውረው ከፍተኛ ቮልት አዲሱንም ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። አንዳንድ ማሽኖች ለፍላሽ 20 ቮልት ስለሚጠቀሙ፣ ከማገናኘትዎ በፊት የአምፖሉን ፖዘቲቭ በመልቲሜትር መለካት ይገባል፤ ባለ 12 ቮልቱ ሪሌይ በ20 ቮልት ከመጠን በላይ ይሞቃል።

የመጀመሪያው ትራንዚስተር ለምን እንደተቃጠለ ለመገመት አያዳግትም። በፒንቦል የተለመደው ቁጥር 89 የፍላሽ አምፖል የሚወስደው 0.58 አምፔር ገደማ ነው። በሜትር 14.4 ዋት የሚወስድ መብራት ከሆነ፣ ሦስቱ ሜትር 43.2 ዋት፣ ማለትም 3.6 አምፔር ይጠይቃሉ፤ ይህም የአምፖሉን ስድስት እጥፍ ይበልጣል። የመኪና ሪሌይ ጥቅል ግን በአብዛኛው ከ0.2 አምፔር በታች ስለሆነ ትራንዚስተሩን አያስጨንቀውም። ለመብራቱ ባለ 12 ቮልት፣ 5 አምፔር አዳፕተር ለብቻው ያዘጋጁ፤ ፖዘቲቩ በ5 አምፔር ፊውዝ አልፎ ወደ 30 ይግባ፣ ከ87 ወደ መብራቱ ፖዘቲቭ ይውጣ። የመብራቱ ኔጋቲቭ በቀጥታ ወደ አዳፕተሩ ይመለስ እንጂ ከማሽኑ ገመድ ጋር አይነካካ። 87ኤ የሚባለው ካለ ባዶውን ይቅር።

አንድ ነገር ግን ሳንነግርዎ አናልፍም። ሪሌይ በሜካኒካል መንገድ የሚንቀሳቀስ ዕቃ በመሆኑ በጣም አጫጭር ብልጭታዎችን ሊስት ይችላል፤ በየቀኑ በብዙ መቶ ጊዜ ሲመታም መገናኛው ያልቃል። የእርስዎ ፍላሽ በፍጥነት የሚርገበገብ ከሆነ፣ ሪሌዩን ረዘም ላለ ጊዜ በርቶ ከሚቆይ ሌላ አምፖል ጋር ቢያገናኙት እንመርጣለን።