እናቴ ምጤ ላይ አብራኝ ትሁን? አንቀልባውና የሽንት ጨርቁስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ደብረ ማርቆስ የምኖር የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 7ኛ ወሬን ይዣለሁ። ስልኬ ላይ ስለ «ተፈጥሯዊ የልጅ አስተዳደግ» የሚያወሩ ቪዲዮዎች አያለሁ። ያለ መርፌ መውለድ፣ ልጅን ቀኑን ሙሉ ማዘል፣ ከዳይፐር ይልቅ ጨርቅ መጠቀም ይላሉ። ደስ ብሎኛል፣ ግን ግራ ገባኝ። እናቴ የምትኖረው ሞጣ አካባቢ ገጠር ነው። «የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፣ ነይ» ትለኛለች። ባለቤቴ ሆስፒታል ይላል። ሆስፒታል ከሆነ እናቴ አብራኝ መግባት ትችላለች? እኔ የታዘልኩበት አንቀልባ ተቀምጦልኛል፤ ጎረቤቶቼ ግን የልጅ እግር ያጣምማል ይሉኛል። እውነት ነው? ዳይፐር ይሻላል ወይስ ጨርቅ? እናቴ ደግሞ ልጁ እንደተወለደ ቅቤ ይላስ ትላለች። እሱስ ተፈጥሯዊ አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ በሽልም ያውጣዎ። ነገሩን እንዴት እንደማየው ከወዲሁ ልንገርዎ። አንድ ልማድ የጥንት ነው ወይስ የዛሬ ብዬ አልጠይቅም። ሕፃኑን ያሞቀዋል? ከእናቱ ጋር ያቆየዋል? ጡት እንዲጠባ ያግዘዋል? እንዲያ ከሆነ ይቀጥል። አፉ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚከት ወይም ሰውነቱን የሚቆርጥ ከሆነ ይቅር። የሚወልዱበት ቦታ ላይ ግን ድርድር የለኝም፤ ጤና ተቋም ውስጥ ይውለዱ።

ለመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት መግባት ደግ ልማድ ነው። ሴት በዚያ ሰዓት ከማንም በላይ እናቷን ትፈልጋለች። እኔን የሚያስፈራኝ እዚያ ቤት ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀን በደንብ ካልተኮማተረ ደም ይፈስሳል። ስትስቅ የነበረች ጤነኛ እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ይህን የሚከላከለው ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ ነው፤ ልጁ እንደተወለደ ጭን ላይ ይሰጣል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ከትተውት ገጠር አይወርዱም። «ያለ መርፌ» ሲባል ይቺ መርፌ አብራ እንዳትቀር አደራ። ሕፃኑም ሳያለቅስ፣ ሳይተነፍስ ሊወለድ ይችላል። ያኔ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ አምቡ ባግ በሚባል በእጅ የሚጨመቅ መሣሪያ አየር የሚሰጠው የሰለጠነ እጅ ያስፈልገዋል።

የጎጃምን መንገድ ደግሞ ያውቁታል። ጮቄ ላይ ያሉ፣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱ ቀበሌዎች አሉ። ክረምት ሲገባ አምቡላንስ ጭቃ ይይዘዋል። ሌሊት መኪና የማይንቀሳቀስበት ጊዜም አለ። ከዚያ የሚቀረው ቃሬዛ ነው። ደም የሚፈሳት እናት በቃሬዛ ሰዓታት ስትጓዝ ማሰብ ለእኔ ከባድ ነው።

ከእናትዎ ሳይርቁ የሚወልዱበት መንገድ ግን አለ። አንደኛው፣ እናትዎ ወሩ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ይምጡ። ሁለተኛው፣ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ ክፍል አለ። መውለጃዎ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው እዚያ ገብተው ምጡን ይጠብቃሉ። እናትዎም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። ገንፎው እዚያው ይገነፋል፣ ቡናውም ይፈላል። ከወለዱ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋሙ ውስጥ ይቆዩ። ከዚያ በኋላ የአራስነት ጊዜዎን እናት ቤት ያሳልፉት፤ እኔም ደስ ይለኛል።

እናትዎ ምጥ ላይ አብረውዎት መሆን ይችላሉ? መቻል አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛዋም ወላድ የመረጠችው ሰው ምጥ ላይ ከጎኗ እንዲሆን ይመክራል። በብዙ አገሮች ተጠንቷል። የምታምነው ሰው ያልተለያት ወላድ ምጧ ያጥራል፣ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏም ይቀንሳል። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ማዋለጃ ክፍል «አስታማሚ ውጪ ይጠብቅ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቦታ ጥበት ነው፤ አልጋዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ መጋረጃ የለም፣ የሌላዋ እናት ገመና ይጋለጣል። ስለዚህ ምጥ ይዞዎት በር ላይ እንዳይከራከሩ አሁን በክትትል ቀጠሮዎ ሚድዋይፏን ይጠይቁ። «እናቴ ትግባ፣ ንጹሕ ነጠላ ይዛ ትመጣለች፣ መጋረጃ ከሌለ እኛ እናመጣለን» ይበሉ። እንዲህ ተዘጋጅታ የመጣች ሴት ብዙ ጊዜ እሺ ትባላለች።

እናትዎ ከገቡ ሥራ አላቸው። ወገብዎን በመዳፋቸው ጫን ጫን እያደረጉ ይሹልዎ። በምጡ መሃል ፋታ ሲያገኙ ስኳር ያለው ሻይ ያቅምሱዎ። ደግፈው ያንሸራሽሩዎ። ያለ ምክንያት በጀርባ ተጋድሞ መዋል ግዴታ አይደለም። መራመድ፣ መቀመጥ፣ በጎን መተኛት ይቻላል። ተንበርክከው መውለድ ከፈለጉም ለሚድዋይፏ ቀድመው ይንገሯት። ሽንትዎን ቶሎ ቶሎ እንዲሸኑ ያስታውሱዎ፤ የሞላ ፊኛ ልጁን መውረጃ ይከለክለዋል። «ማርያም ማርያም» ማለታቸውን አይተዉ። ክፍሉ ውስጥ ያ ድምፅ ሲሰማ የወላዷ ትከሻ ላላ ሲል አያለሁ። ሆድዎን ግን እንዳይጫኑ፣ የተጨመቀ ቅጠልም እንዳያጠጡዎ። ሚድዋይፏ ሳትል «ግፊ! ግፊ!» እንዳይሉም ይንገሯቸው። የማህፀን በር 10 ሴንቲ ሜትር ሳይከፈት የምትገፋ እናት ጉልበቷ ለዋናው ሰዓት ያልቅባታል።

ልጁ እንደወጣ ደርቆ በራቁቱ ደረትዎ ላይ ይተኛ፣ ከላይ ጨርቅ ይልበስ። ጤነኛ ከሆነ እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይቆረጥ፤ በዚያ መሃል የሚገባለት ደም ለወራት የሚሆነው ብረት ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጡት ይያዝ። ገላውን ለማጠብ 24 ሰዓት ይጠብቁ። የቫይታሚን ኬ መርፌውን፣ የዓይን ቅባቱንና የመጀመሪያውን ክትባት አይከልክሉት።

አሁን ቅቤው። እናትዎ በክፋት አይደለም የሚሉት፤ ሆዱ ይለስልስለት፣ ድምፁ ይማርለት ብለው ነው። ነገር ግን አራስ ሕፃን ገና መዋጥ እየተማረ ነው። ቅባት ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሲሄድ ብዙም ሳያስለው ይገባል። ከዚያ ከባድ የሳንባ ምች ይከተላል። በቅቤና በማንኪያ አድርጎ ጀርምም ይገባል። በዚያ ላይ ቅቤ የላሰ ልጅ እንገሩን በወጉ አይጠባም። እንገር ጥቂት፣ ወፍራምና ቢጫ ነው። ያንን «የቆየ ወተት ነው» ብለው አልበው የሚደፉ እናቶች አይቼ ልቤ ያዝናል። የሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደማይጸና እናትዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እሱን ያንሱላቸው። ቅቤውንስ? የእርስዎ ገንፎ ላይ ይፍሰስ። ልጁ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃም፣ አብሽም፣ ስኳር ውሃም አያስፈልገውም። ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ብቻ ነው የሚቀመሰው።

እትብቱ ላይም ቅቤ ወይም እበት አይቀባ። መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በዚያ ነው። ጤና ጣቢያ ክሎርሄክሲዲን ቅባት ከሰጡዎ በታዘዘው መሠረት ለእትብቱ ብቻ ያድርጉት፤ ዓይን ከነካ ይጎዳል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ ሴት ልጅን ማስገረዝ፣ እነዚህ በእኔ ዘንድ ከቶ አይነሱም። ግርዛቱ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ወንጀል ነው።

አንቀልባውን በተመለከተ ጎረቤቶችዎ ተሳስተዋል። አንቀልባ እግር አያጣምምም። የሕፃን የጭን አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ እንዲቀመጥ ጭኖቹ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ታጥፈው መቆየት አለባቸው። እናት ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ልክ እንደዚያ ነው። እንዲያውም የዳሌ መውለቅ በብዛት የሚታየው እግርን ቀጥ አድርጎ ጥፍር አርጎ መጠቅለል በተለመደባቸው ሕዝቦች ዘንድ ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው መጠቅለያውን ነበር። አራሱን ሲጠቀልሉት ከወገቡ በታች ላላ ይበል፣ እግሩን ማንቀሳቀስ ይቻለው። ትንሽ ደጋን ያለ እግር ደግሞ እስከ 2 ዓመት ድረስ በብዙ ልጆች ላይ ያለ ነው። ከዚያ ባለፈ በጣም የሚጣመመው አብዛኛውን ጊዜ ሪኬትስ በሚባል አጥንትን በሚያለሰልስ በሽታ ነው። የሪኬትስ ዋና ምክንያቱ ፀሐይ ማጣት ነው። የሰው ዓይን ይወጋዋል ተብሎ ወንዱ 40 ቀን፣ ሴቷ 80 ቀን እስክትሞላ ጨለማ ቤት ውስጥ ተሸፋፍኖ የሚቆይ ልጅ አለ። ጠዋት በረንዳ ላይ ነፋስ በሌለበት፣ እጅና እግሩን ገልጠው፣ ዓይኑን ከልለው ያሙቁት። በረንዳው የራስዎ ነው፤ የፈሩት ሰው አያየውም።

አስተዛዘሉ ላይ ግን ላስቸግርዎ። አንገቱ ሳይጠና፣ ማለትም እስከ 4 ወር ገደማ፣ ጀርባ ላይ አያዝሉት፤ ከኋላ ሲታፈን አይታይዎትም። እስከዚያው በደንብ በታሰረ ነጠላ ፊት ለፊት ደረትዎ ላይ ይያዙት። ፊቱ ይታይዎት፣ አፍንጫው አይሸፈን፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይለጠፍ። ጣትዎን በአገጩ ሥር ያስገቡ፤ ካለፈ ጥሩ ነው። ሲጠና አንቀልባው ይውጣ። ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ቆዳ ይደርቃል። ማሰሪያው የተሰፋበትን ቦታ ሳብ ሳብ አድርገው ይፈትሹት፣ የላላውን ያሰፉት። ጨሌው ወይም ዛጎሉ ሊረግፍ ከሆነ ይንቀሉት፤ ልጅ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ከታች ቆዳው ከጉልበት እስከ ጉልበት ጭኑን ይደግፍ።

አንድ ቦታ ግን አዝለውት አይቁሙ፤ ምጣድ ፊት። እንጀራ ሲጋግሩ ጎንበስ ባሉ ቁጥር የልጁ ፊት ጭሱ ውስጥ ይገባል። ትከሻዎ ላይ ተንጠልጥሎ እጁን ሲዘረጋ እሳትና ድስት ይነካል። የእንጨትና የኩበት ጭስ የልጆች የሳንባ ምች ምክንያት ነው። የመጋገሪያ ቀን ባለቤትዎ ይዘል። አባት ሲያዝል የሚስቅ ጎረቤት ካለ ይሳቅ።

ልጅዎ ያለ ጊዜው ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ከተወለደ ግን አንቀልባን ይርሱት። በደረትዎ መሃል ቆዳ ለቆዳ ታስሮ ይቆያል፤ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ከተቻለ ቀኑን ሙሉ። ይህ ዘዴ በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ፣ ማሞቂያ ማሽን ያጠረው ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረ ነው። ዛሬ የእኛም ሆስፒታሎች ይሠሩበታል። ስልክዎ ላይ ካዩት ሁሉ በብዛት ነፍስ ያዳነው ይሄ ነው።

ዳይፐርና ጨርቅ? ሁለቱም ይሆናል። ለልጁ ቆዳ ዋናው ቶሎ መቀየሩ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ሳሉ ጨርቅ፣ ለመንገድና ለሌሊት ዳይፐር እላለሁ። ጨርቁ ወጪ ይቀንሳል፣ ሌላም ጥቅም አለው፤ ልጁ ስንት ጊዜ እንደሸና ወዲያው ያሳይዎታል። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ካራሰ ወተቱ ይበቃዋል ማለት ነው። ያረጀ የጥጥ አንሶላ ወይም አቡጀዴ ቆርጠው ከ20 እስከ 25 ያህል ያዘጋጁ። ከላይ ፌስታል ወይም ላስቲክ አይሰሩበት፤ ያንን ሲያደርጉ ነው መቀመጫው የሚላላጠው። በሳሙና ይታጠብ፣ አረፋው እስኪጠፋ ይለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ልጁ ተቅማጥ ካለበት ጨርቁ ይቀቀል። ክረምት ላይ ደብረ ማርቆስ ጨርቅ እንደማይደርቅ አውቃለሁ፤ እርጥቡን ከማድረግ ዳይፐር ይግዙ።

አሁን ደግሞ አጥብቄ የምለው። የሕፃን ሰገራ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ጓሮ ይደፋል። አይደለም። የጎጃም ልጆችን ዓይን የሚይዘውን፣ ኋላም ሊያሳውር የሚችለውን ትራኮማ የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው በሜዳ በተጣለ የሰው ሰገራ ላይ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ከመታጠቡ በፊት ሰገራው ሽንት ቤት ይግባ። ዳይፐርም ቦይ ውስጥ አይጣል። እናትዎ ዘንድ ሲሆኑ ጨርቁን ምንጭ ላይ አይጠቡ፤ ውሃ በባልዲ ቀድተው ፈቀቅ ብለው ይጠቡ። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና።

መቀመጫው ከቀላ ለጥቂት ጊዜ ሳይሸፈን ይቆይ፣ ቫዝሊን ይቀባ። በብሽሽቱ ሽንሽን ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ ዙሪያው ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ነው፤ ጤና ጣቢያ ያሳዩት። ከፋርማሲ በግምት ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አይግዙለት።

የ45 ቀን ክትባቱ ከክርስትናው ድግስ ጋር ይጋጫል። ወንድ ከሆነ ድግሱ በ40 ቀኑ ነውና ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ቀኑ ይረሳል። ካርዱን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።

ሕፃኑ ጡት አልይዝ ካለ፣ ገላው 37.5 እና ከዚያ በላይ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ እትብቱ ዙሪያ ቀልቶ መግል ከያዘ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። እርስዎም ቢሆኑ ከወለዱ በኋላ ደሙ ጨርቁን አርሶ ቶሎ ቶሎ ካስቀየረዎ፣ ትኩሳት ከያዘዎ፣ ራስዎን በኃይል ካመመዎ ወይም ዓይንዎ ብዥ ካለ በዚያው ሰዓት ይሂዱ። የአምቡላንስ ስልክ ቁጥሩን ከጤና ጣቢያው ተቀብለው በእርስዎም፣ በባለቤትዎም፣ በእናትዎም ስልክ ላይ አሁኑኑ ያስገቡት።