ክሮቼራውን ከመፍታታችሁ በፊት፦ በድሬዳዋ ለሚሠሩ ወጣት መካኒኮች

ለምወዳችሁ የሙያ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ሲሮጥ ስለሚንቀጠቀጥ አሮጌ መኪና። በድሬዳዋ ጋራዦች ካየኋቸው ብልሽቶች ሁሉ የባለቤቱን ገንዘብ በከንቱ የሚያስወጣውም፣ የመካኒኩን ስም የሚያጎድፈውም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘይት የሚያፈስ መኪና ዘይቱን ተከትላችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ አልነሣ ያለ ሞተር ካንዴላው ወይም ነዳጁ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ንዝረት ግን አንድ ቦታ ተወልዶ ሌላ ቦታ ይሰማል፤ የኋላው ዘንግ ሚዛን ሲዛባ የሚንጫጫው የፊት በር ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሣ ብዙዎቻችሁ መኪናው ጋራዥ እንደገባ ክሮቼራ (ሁለት ዘንጎችን በማዕዘን የሚያገናኘውን መስቀል መሰል መገጣጠሚያ) ትለውጣላችሁ፤ ካልዳነ ጎማ ታስለውጣላችሁ፤ አሁንም ካልዳነ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ዲፈረንሻል ታወርዳላችሁ። እኔ የምለምናችሁ ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ንዝረቱ ከየትኛው የሚዞር አካል ጋር አብሮ እንደሚፈጥንና አብሮ እንደሚዘገይ እንድትለዩ ነው።

ምሳሌዬን ላንድ ሮቨር አደርገዋለሁ፤ ዘንጎቹ ክፍት በመሆናቸው ሁሉም ነገር በዓይን ይታያልና። 7.50 በ16 ጎማ ያሠረ ሲሪዝ ሦስት ረጅም ላንድ ሮቨር ብንወስድ፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናው 2.5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ጎማው በሰከንድ 6.7 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። የዲፈረንሻሉ ንጽጽር 4.7 ለ1 ስለሆነ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በኩል ኃይል የሚያመጣው ዘንግ በዚያችው ሰከንድ 31 ጊዜ ያህል ይዞራል። ክሮቼራ ደግሞ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚያውክ የእሱ ንዝረት ወደ 62 ይደርሳል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በልባችሁ ያዙ፤ ሰውነታችሁ ሊለያቸው ይችላልና። ሰባት ያህሉ ሊቆጠር የሚቃረብ ንቅንቅ ነው፤ ከፊት ጎማ ሲመጣ በመሪው፣ ከኋላ ሲመጣ በወንበሩ በኩል ይሰማል። ሠላሳ አንዱ ከወለሉ ተነሥቶ እግርንና ወገብን የሚያደነዝዝ መንዘር ነው። ስልሳ ሁለቱ ግን ከመዳሰስ ይልቅ ወደ መሰማት ያደላ፣ ጆሮን የሚሞላ ጉምጉምታ ነው።

ከዚያ መንገድ ውጡ። ለዚህ ሥራ ድሬዳዋ የተመቸች ከተማ ናት፤ ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ሜዳማ መንገድ፣ ወደ ሐረር በኩል ደግሞ የደንገጎ ዳገት አላትና። በሜዳው ላይ ንዝረቱ የሚጀምርበትን ፍጥነት፣ የሚበረታበትን ፍጥነትና የሚጠፋበትን ፍጥነት በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ያንኑ ፍጥነት ሳትለውጡ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ውረዱ። ሞተሩ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይፈጥናል፤ የጎማውና የዘንጉ አዟዟር ግን እንደነበረ ይቀራል። ንዝረቱ ካልተለወጠ ሞተሩን፣ ፍሪሲዮኑንና (ክላቹንና) ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖውን፣ ተዉአቸው፤ ችግሩ ከካምቢዮው በስተኋላ ነው። ከተለወጠ ደግሞ በከንቱ ከመኪናው ሥር አትግቡ። ቀጥሎ መንገዱ ባዶና ሜዳ በሆነበት ስፍራ ብቻ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ መኪናው በራሱ እንዲንከባለል ተዉት። ይህን በደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አትሞክሩት። በዜሮ ማርሽም የሚቀጥል ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ የሚዛን መዛባት ነው፤ ጎማ፣ ቸርኬ ወይም ዘንግ። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ መጥቶ ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ ግን ከጭነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የክሮቼራ ማዕዘን፣ የሞተርና የካምቢዮ ማረፊያ ጎሚኒ፣ የፒኞኒ (ዘንጉ የሚያዞረው የዲፈረንሻሉ ትንሽ ጥርስ) ኩሽኔታ ወይም የላላ የባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ ቅጠል ብረት) ማሰሪያ ትፈልጋላችሁ። የደንገጎ ዳገት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ከባድ ዳገት በሜዳ ላይ የሚደበቀውን የማዕዘን ችግር ያወጣዋል።

ጎማውን ቶሎ ልለፈው፤ ሥራው ቀላል ነውና። የፊቱንና የኋላውን አለዋውጡ፤ ንዝረቱ ከመሪው ወደ ወንበሩ ከተዛወረ መልሱ ተገኝቷል። በድሬዳዋ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ቆሞ የኖረ መኪና ጎማው በአንድ ጎኑ ጠፍጥፎ ወይም አብጦ ሊሆን ስለሚችል አንሥታችሁ እያዞራችሁ ተመልከቱት።

ክሮቼራው ላይ ግን እንድትቆዩ እፈልጋለሁ። ሁለት ዘንጎች በማዕዘን ሲገናኙ፣ የመጀመሪያው በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ሁለተኛው በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ወደላይም ወደታችም 1.5 በመቶ ያህል ነው፤ 20 ዲግሪ ሲሆን ወደ 6 በመቶ ይደርሳል። ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ልብ በሉ። ይህን የሚያስተካክለው በዘንጉ ሌላ ጫፍ ያለው ክሮቼራ ነው፤ የመጀመሪያው ያፈጠነውን ሁለተኛው ያዘገየዋል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ የሁለቱም ክሮቼራዎች ማዕዘን እኩል መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ሁኔታ የሚበላሸው በእኛው እጅ ነው። ዘንጉ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ጥርስ ያለው ክፍል ተነቅሎ ሲመለስ አንድ ጥርስ እንኳ ከቦታው ከተዛነፈ ሹካዎቹ ከመስመር ይወጣሉ፤ አዲስ ክሮቼራ የገባለት መኪና ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ከመንቀላችሁ በፊት በሁለቱም ክፍሎች ላይ በመሮ ምልክት አድርጉ፤ ዘንጉን ከዲፈረንሻሉና ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ዘንግ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ጋር በሚያያይዘው ጠርዝ ላይም እንዲሁ።

ሁለተኛው ሁኔታ በአገራችን የሚበላሸው በባሌስትራ ነው። ከአወዳይ ጫት፣ ከገጠር እህል የሚጭን ሰው መኪናው እንዳይተኛበት አንድ ሁለት ቅጠል ያስጨምራል። መኪናው ከፍ ሲል ዘንጉ ይበልጥ ያዘነብላል፤ ቅጠሉ ሳይመጣጠን ገብቶ ወይም ማሰሪያው በጠማማ መቀመጫ ላይ ታስሮ የኋላ ጎማዎቹን የያዘው አክሱል ዘወር ካለም የፒኞኒው አፍንጫ ከቀድሞው አቅጣጫ ይወጣና የሁለቱ ክሮቼራዎች ማዕዘን አይተካከልም። እንዲህ ያለው መኪና ጭነት ሲይዝ ጸጥ ይላል፤ ባዶውን ሲመለስ ይንዘራል። ባለቤቱን ሳትጠይቁ ይህን ልታውቁት አትችሉም፤ ስለዚህ መኪናው ምን እንደሚጭንና ባሌስትራው መቼ እንደተነካ በአክብሮት ጠይቁት። ማዕዘኑን የምትለኩት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው እንጂ አክሱሉ በአየር ተንጠልጥሎ አይደለም።

የክሮቼራው የራሱ ጉዳት በዓይንና በእጅ ይገኛል። በቆቦቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ብናኝ ካያችሁ በውስጡ ያሉት የመርፌ ኩሽኔታዎች ግራሶ አጥተዋል። ዘንጉን ይዛችሁ ወደላይና ወደታች ግፉት፤ ምንም መላወስ ሊኖር አይገባም። ከወረደ በኋላም ክሮቼራውን በሁሉም አቅጣጫ በእጃችሁ አጥፉት፤ በአንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ወይም የሚከረከር ከሆነ ባይላወስም አርጅቷል።

ዘንጉ ራሱ መታጠፉን ወይም ሚዛኑን ማጣቱን ለማወቅ አስቀድማችሁ እጠቡት። ከወንዝ አሸዋ ጋር የተጋገረ ጭቃ ብቻውን ሚዛን ያዛባል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚዛን መዛባት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና በ40 ያልተሰማው በ80 ያስፈራል። ድንጋይ የመታው ጎድጓዳ ወይም የተነቀለ የሚዛን ቁራጭ ብረት የተበየደበት ምልክት እንዳለ በጥንቃቄ ፈልጉ። ከዚያ ጥቃቅን መወላገድን በሚያሳየው መለኪያ፣ በዳያል ጌጅ፣ እያዞራችሁ ለኩ፤ በመካከሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ የሚወላገድ ከሆነ ወደ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ ውሰዱት። ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ የባቡር ከተማ በሆነችው ድሬዳዋ የቶርኖ እጅ አይጠፋም፤ ከምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የወጡ ሰዎች ያስተማሯቸው ባለሙያዎች ካጋጠሟችሁ ሥራቸውን ቆማችሁ ተመልከቱ።

ላንድ ሮቨር ሁለት ዘንግ እንዳለው አትርሱ። የፊት ጎማዎቹ ከአክሱሉ የሚያላቅቃቸው የመልቀቂያ ቁልፍ ከሌላቸው የፊቱ ዘንግ በሁለት ጎማ ሲነዳም ይዞራል፤ ስለዚህ እሱን ብቻ አውርዳችሁ መንገድ ላይ መሞከር ከሁሉ የረከሰው ምርመራ ነው። የኋላውን ስታወርዱ ግን ተጠንቀቁ፤ የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን ከትራንስፈሩ ጀርባ ዘንጉ በሚታሰርበት ቦታ ስለሆነ ዘንጉ ሲወርድ የኋላ ጎማዎችን የሚይዝ ነገር አይኖርም። ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ፤ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አድርጉ። ሽርጥ ለብሳችሁም በሚዞር ዘንግ አጠገብ አትቁሙ። ይህን የምለው ስለምሳሳላችሁ ነው።

ሐረር ላይ ታክሲ ሆኖ ለብዙ ዘመን ያገለገለው ፔጆ 404 ሲመጣላችሁ ሌላ ዐይን ያስፈልጋችኋል። ዘንጉ በቱቦ ውስጥ ተዘግቶ እስከ ዲፈረንሻሉ ስለሚሄድ ከኋላ የሚታይ ክሮቼራ አታገኙም፤ የመገጣጠሚያው ጉዳይ ከካምቢዮው ጀርባ ነው። እላይ የጻፍኩት የመንገድ ምርመራ ግን ሳይለወጥ ይሠራበታል፤ እንዲያውም ሳይፈቱ ማየት በማይቻልበት መኪና ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል።

ሥራው ሲያልቅ በጠዋቱ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡና በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ማርሽ ደግማችሁ ንዱ። የቀረ ንዝረት ካለ ለባለቤቱ ሳትሸሽጉ ንገሩት፤ ምን እንዳልነካችሁና ለምን እንደተዋችሁት ጭምር። መኪናው ሐረር ደርሶ ሲመለስም የዘንጉን ዳዶዎች በድጋሚ አጥብቁ፤ ለዚህ ደግሞ ገንዘብ አትጠይቁት።