ጆይስቲክ በሚታይበት ቀንና በሚያረጅበት ቀን፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጆይስቲክ ናቸው። አምስቱን እነሆ።

ከደሴ ሳላይሽ የጻፈልኝ ወጣት የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ በፕሌይስቴሽን 4 ይሠራ እንደሆነ ይጠይቃል።

በቀጥታ አይሠራም፤ አትግዛ።

በቧንቧ ውሃ አካባቢ ጌም ቤት ያላቸው አንባቢ፣ የኔንቴንዶ ስዊች 2 ጆይስቲክ የሆነው ጆይ-ኮን 2 ሲወጣ ጌም ሠሪዎችና ጋዜጠኞች እንዳወደሱት አይተው ለደንበኞቻቸው ሊገዙት አስበዋል። በዚያው ደብዳቤ፣ አሁን ያሏቸው ጆይስቲኮች ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ማንም ሳይነካቸው ተጫዋቹን ወደ አንድ ጎን እንደሚወስዱት በምሬት ይገልጻሉ።

ወንድሜ፣ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው። ኔንቴንዶ ጆይ-ኮን 2ን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በዝርዝር ሲያሳይ ብዙዎችን የሳበው በማግኔት ከመሣሪያው ጋር መጣበቁና በጎኑ ሲተኛ እንደ ኮምፒውተር ማውዝ መሥራቱ ነበር፤ እንደ ሲቪላይዜሽን 7 ያለ በማውዝ የለመድነውን ጌም በቴሌቪዥን ፊት መጫወት ስለሚያስችል ውዳሴው አግባብ አለው። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን የሚያወድስ ሰው ዕቃውን የያዘው ለአጭር ጊዜ ነው፤ የእርስዎ ጆይስቲክ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይውላል። በ2017 የወጣው የመጀመሪያው ጆይ-ኮንም በአዲስነቱ ተመስግኖ ነበር፤ አናሎጉ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ፣ ራሱን ችሎ ይሄዳል የሚለው ቅሬታ በርትቶ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ ይቅርታ የጠየቁት ግን በ2020 ነው።

ባለፈው ወር እዚሁ ደሴ ፒያሳ አንድ ጠጋኝ ጎን ተቀምጬ የተፈታ ጆይስቲክ ተመልክቻለሁ። አናሎጉ ሥር፣ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ የካርቦን ንጣፍ አለች፤ አናሎጉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትንሽ የብረት ምላስ በላይዋ ይንሸራተታል። ጠጋኙ በጥጥ ሲጠርጋት ጥጡ ጠቆረ። የጠቆረው ከንጣፏ የተፋቀው ካርቦን ነው፤ በዚህ መልክ የሳሳች ንጣፍ አናሎጉ መሐል ላይ ቆሞ እያለ ወደ ግራ ተገፍቷል ብላ ለመሣሪያው ትነግረዋለች። ማጽዳት ጥቂት ቀን ያራዝማል እንጂ የተፋቀውን አይመልስም። በአንጻሩ ሆል ኢፌክት የሚባለው አሠራር ቦታውን የሚያውቀው በማግኔት ስለሆነ፣ በሚለካው ክፍል ውስጥ የሚፋተግ ነገር የለም። ሴጋ በ1998 ባወጣው ድሪምካስት በተባለው የጌም መሣሪያ ጆይስቲክ ላይ ተጠቅሞበታል። ኔንቴንዶ ግን ጆይ-ኮን 2 ሆል ኢፌክት እንደማይጠቀም ራሱ አስታውቋል። አናሎጉ እንደ አዲስ ስለተሠራ እንደ ፊተኛው ይበላሻል ብዬ አልፈርድም፤ በጌም ቤት ገንዘብ ግን አልሞክረውም።

የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ የሆነው የሶኒ ዱዋልሴንስም በ2020 ሲወጣ በንዝረቱና ጣትን በሚቋቋመው ማስፈንጠሪያው የተሰጠው ምስጋና የሚገባው ነበር፤ አናሎጉ ግን ያው የሚፋቀው ዓይነት ነው፣ ያውም በውስጡ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የተበየደ። አናሎጉ በቀላሉ ተነቅሎ የሚተካበትን ዱዋልሴንስ ኤጅን ሶኒ ያመጣው በ2023 ሲሆን ዋጋውም 200 ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ያሳዝነኛል፤ ቶሎ የሚያልቀውን ክፍል መቀየር መቻል ለባለጸጋ የሚሸጥ ተጨማሪ ነገር መሆን አልነበረበትም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ጠጋኝዎን ይህን ይጠይቁት፦ አናሎጉ ይነቀላል? መለዋወጫውስ ደሴ ውስጥ ይገኛል?

አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጃቸው አውራ ጣቱን እንደሚያመውና ሌሊት እጁ ደንዝዞ እንደሚነቃ ጽፈው፣ ለስላሳ ጆይስቲክ እንድጠቁማቸው ይጠይቃሉ።

እህቴ፣ ጆይስቲክ አይግዙለት፤ ሐኪም ያሳዩት። ድካም ብቻ ቢሆን በዕረፍት ይሻለው ነበር፤ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ መደንዘዝ ግን ነርቭ መጫኑን ሊያመለክት ስለሚችል እኔ በጽሑፍ የምመልሰው ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙ እስኪያየው ድረስ ጨዋታውን ያቁም። እባክዎ ይህን ሳምንት አያሳልፉ።

ከውጭ ስለሚላክ ጆይስቲክ ቀረጥ ለጠየቁኝ፦ ኮምቦልቻ የሚገኘውን የጉምሩክ ቅርንጫፍ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከኮምቦልቻ ነው። ጸሐፊው ግራ እጃቸው በአደጋ ከተጎዳ ወዲህ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በጆይስቲክ የኳስ ጌም መጫወት እንደቀረባቸው ይገልጻሉ።

ለእርስዎ የታሰበ ዕቃ አለ። ማይክሮሶፍት በ2018 ያወጣው ኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር ሁለት ሰፋፊ ቁልፎች ያሉት ሲሆን፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳልና በክርን የሚጫኑት ቁልፍ የሚሰካበት ቀዳዳ በጀርባው ተደርድሯል፤ ሶኒም አክሰስ የተባለውን በ2023 አስከትሏል። ሁለቱም ውድ ናቸው። እቤት ያለዎት ግን ፕሌይስቴሽን 5 ነው ብለውኛልና አስቀድመው ያለ ወጪ ይሞክሩ፦ ሴቲንጉ ሁለት ጆይስቲኮችን እንደ አንድ ያሠራል። ወንድምዎ ግራውን አናሎግ ይዞ ተጫዋቹን ያስኪድ፤ ማቀበሉንና መምታቱን እርስዎ በቀኝዎ ይያዙት።